ከፎቶው ሥር የሚጻፍ ስም

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እንግዶች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ግድግዳው ላይ ያሉት ፎቶዎች በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ውጭ አገር ዓለም አቀፍ ዓውደ ርዕዮች ይላካሉ። ከመሄዳቸው በፊት ስለ አንድ ነገር ብቻ ልናገር፤ ከሥራቸው ስለሚጻፈው ጽሑፍ።

የፎቶ አንሺዎች ማኅበር በየዓመቱ ዓውደ ርዕይ ማዘጋጀቱ የቆየ ልማድ ነው። የለንደን ፎቶግራፍ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1853 ተመሥርቶ፣ በዓመቱ የመጀመሪያውን ዓውደ ርዕይ ሲከፍት ንግሥት ቪክቶሪያና ልዑል አልበርት መጥተው ጎብኝተውታል። ዛሬ «ንጉሣዊ» የሚል ማዕረግ ተጨምሮበት በሥራ ላይ ነው፤ ዓለም አቀፍ ዓውደ ርዕዩም አባል ላልሆነ ሰው ጭምር ክፍት ነው።

ከዚያ ማኅበር አባላት አንዷ ጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን ነበረች። ካሜራ እጇ የገባው በ48 ዓመቷ፣ ልጇና አማቿ በስጦታ ሰጥተዋት ነው። በ1860 ዓ.ም. ክረምት፣ መቅደላ በወደቀች በሦስት ወሯ፣ እንግሊዝ አገር ዋይት ደሴት ላይ ካሜራዋ ፊት አንድ የ7 ዓመት ልጅ ተቀመጠ። ደጃዝማች ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ነበር። አባቱን አጥቷል፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅም ገና ከአገር ሳይወጡ መንገድ ላይ ሞተውበታል። የዚያን ዘመን ፎቶ ብርሃን የሚቀበለው ቀስ ብሎ ስለነበር ሳይነቃነቁ ረዘም ላለ ጊዜ መቀመጥ ያስፈልግ ነበር። ፊቱ ላይ ፈገግታ የለም። ከፎቶው ሥር ግን «ደጃች ዓለማየሁ፣ የንጉሥ ቴዎድሮስ ልጅ» ተብሎ ተጽፏል። አብሮት የተነሣው አሳዳጊው እንግሊዛዊ መኮንን ካፒቴን ስፒዲ እንኳ የእኛ ሰዎች ባወጡለት ስም «ባሻ ፈለቀ» ተብሎ ሰፍሯል።

ልጁን ፈቃዱን ማን ጠየቀው? ያ ሌላ ቁስል ነው። በ18 ዓመቱ እዚያው እንግሊዝ አገር ሞቶ ዊንድሰር ተቀብሯል። ስሙ ግን ከፊቱ ጋር ስለተጻፈ፣ ዛሬ ያን ፎቶ ስናይ የማን ልጅ እንደሆነ እናውቃለን፤ እናዝንለታለን።

አሁን ወደ እኛ ልመለስ። በየዓለም አቀፍ ዓውደ ርዕዩ የአገራችን ሰው ፊት ይሰቀላል፤ ከሥሩ ያለው ግን «ሽማግሌ»፣ «የኦሞ ሴት»፣ «እናትና ልጅ» ነው። ዳኞች እንዳያዳሉ ተብሎ የአንሺው ስም ይደበቃል፤ ዳኝነቱ ሲያልቅ ካታሎግ ላይ ይወጣል። የተነሺው ስም ግን መቼም አይወጣም።

እኔም አድርጌዋለሁ። ከዓመታት በፊት ሽሮ ሜዳ አንድ ሸማኔ አነሣሁ። እግራቸው ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ መርገጫውን ይጫናል፤ መወርወሪያው በድሩ መሐል ከቀኝ ወደ ግራ ያልፋል፤ ብርሃኑ በቀዳዳ ገብቶ እጃቸው ላይ አርፏል። «እጆች» ብዬ ላክሁት፤ ተመረጠ። ደስ እያለኝ ካታሎጉን ይዤላቸው ሄድኩ። ገጹን በጣታቸው ዳሰሱት። ስሜን አሳየኋቸው። ከዚያ ቀና ብለው «የእኔስ የቱ ጋ ነው?» አሉኝ። ቀኑን ሙሉ «አባባ» ስላቸው ውዬ ስማቸውን አልጠየቅሁም ነበር።

ወላጆቻችን ይህን ያውቁት ነበር። ፎቶ ቤት ተነሥተው ለወዳጅ ሲሰጡ ጀርባው ላይ «ለማስታወሻ» ብለው ስማቸውንና ቀኑን ይጽፉ ነበር። ስለዚህ እለምናችኋለሁ፦ ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት ስም ጠይቁ። አይጻፍብኝ የሚል ካለ መብቱ ነው፤ አትጻፉ። የፈቀደውን ግን ስሙንና አገሩን ጻፉ። ለርዕስ የተሰጠው ቦታ ከጠበበ የሚያምረውን ቃል አውጡና ስሙን አስገቡ። የታተመው ፎቶ ጀርባ ላይም በስሱ በእርሳስ ጻፉት።

የሽሮ ሜዳው ፎቶ ከበሩ በስተግራ ተሰቅሏል። አሁን ስማቸው ከሥሩ አለ፤ ፊደሉን አንድ በአንድ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ዓውደ ርዕዩ ተከፍቷል፤ ሄዳችሁ አንብቡት።