ከካይሮ ኦፔራ ቤት እስከ ጉራዕ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ክቡራን እንግዶቻችን፤ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ።

በዚህ በ2018 ዓ.ም. ሁለት ትልልቅ የኦፔራ መታሰቢያዎች ገጥመዋል። የፑቺኒ «ቱራንዶት» ሚላኖ ውስጥ በላ ስካላ ኦፔራ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ከታየ በሚያዝያ 100 ዓመት ይሞላዋል፤ የዋግነር «የኒቤሉንግ ቀለበት» አራቱም ክፍሎች በጀርመኗ ከተማ ባይሮይት ላይ በተከታታይ ከቀረቡም በነሐሴ 150 ዓመት ይደፍናል። ስለ ሁለቱ ብዙ ስለሚባል እኔ አልደግመውም። ዛሬ ላነሣው የወደድሁት ድፍን ቁጥር ያልገጠመውን፣ በታኅሣሥ 1864 ዓ.ም. ካይሮ ላይ የተከፈተውን የጁሴፔ ቬርዲን «አይዳ» ነው።

በቅድሚያ አንድ ስሕተት ላርም፤ ከሁለት ዓመት በፊት ከዚሁ መድረክ እኔው ራሴ ተናግሬዋለሁና። «አይዳ» ለስዊዝ ቦይ ምረቃ የተደረሰ አይደለም። ቦዩም ሆነ ኦፔራ ቤቱ የተመረቁት ሁለት ዓመት ቀድመው ሲሆን፣ በቤቱ ምረቃ የታየው የዚያው የቬርዲ «ሪጎሌቶ» ነበር። ለ«አይዳ» 150 ሺህ ፍራንክ የከፈለው የግብፁ ገዢ ኬዲቭ እስማኤል ሥራውን ቀደም ብሎ ሊያሳይ አስቦ ነበር፤ ነገር ግን የመድረኩ ገጽታና አልባሳቱ የሚሠሩባትን ፓሪስን የፕሩሲያ ጦር ስለከበባት ዕቃው እዚያው ታግዶ ከረመ። ቬርዲም ለ«አይዳ» የመጀመሪያ ትርኢት ካይሮ አልሄደም።

ታሪኩን ታውቁታላችሁ። አይዳ በግብፅ ቤተ መንግሥት በባርነት የተያዘች የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። በሁለተኛው ገቢር ድል አድራጊው ጦር በመለከት ታጅቦ ሲገባ፣ ማንነቱን የደበቀው አባቷ አሞናስሮ ከምርኮኞቹ ጋር ይነዳል። በእርግጥ የድርሰቱ ኢትዮጵያ የፈርዖኖቹ ዘመን ጎረቤት እንጂ የአፄ ዮሐንስ አገር አይደለችም፤ ሆኖም በዚያ ምሽት አዳራሹን ለሞሉት ሹማምንት ልዩነቱ ያን ያህል ግልጽ ስለ መሆኑ እጠራጠራለሁ። ዓመቱ ሳያልቅ የኬዲቩ ሰው ሙንዚንገር ከረንን ያዘ። በኅዳር 1868 ዓ.ም. በዴንማርካዊው አሬንድሩፕ የተመራው የግብፅ ጦር ጉንደት ላይ ተደመሰሰ፤ በየካቲት መጨረሻም አሜሪካውያን መኮንኖችን ይዞ የመጣው፣ ከመጀመሪያው የሚበልጠው ጦር ጉራዕ ላይ ድል ተመታ። ባይሮይት መጋረጃውን የገለጠውም በዚያው ዓመት ነሐሴ ነውና፣ በእኛ አቆጣጠር ጉንደት፣ ጉራዕና የዋግነር «ቀለበት» በአንድ ዓመት ውስጥ ይገናኛሉ። የአውሮፓውያኑን የዘመን ቀመር ብቻ የያዘ ሰው ይህን አያየውም።

በዚህም ምክንያት ሥራ አመራሩ የዘንድሮው የማዳመጥ መርሐ ግብራችን በድል ሰልፉ እንዳይጀመር ወስኗል። የምንሰማው ሦስተኛውን ገቢር ነው፤ አይዳ በሌሊት በዓባይ ዳር ብቻዋን ቆማ ዳግም የማታየውን የአገሯን ሰማይና ቀዝቃዛ ሸለቆዎች ታስባለች፤ ከድምፅዋም አስቀድሞ ኦቦ የተባለው የትንፋሽ መሣሪያ ለብቻው ይሰማል። ወደ ሒሳብ ሪፖርቱ ከመግባታችን በፊት ስልኮቻችሁን ዘግታችሁ ያንን ኦቦ አድምጡልኝ።

ጉባኤው ተከፍቷል።