ከማሽኑ በፊት ብልቃጡ

የተከበራችሁ ሐኪሞች፣ ሲስተሮች፣ የፋርማሲና የባዮሜዲካል ባለሙያዎች፣ ተማሪዎቻችንም ጭምር፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

የተሰጠኝ ርዕስ «ኤሌክትሮኬሞቴራፒ በማህፀንና በብልት ካንሰር ሕክምና» ይላል። እኔ ግን ከሁሉ በፊት የማነሳት አንዲት ዓይነት ታካሚ አለች። የውጫዊ ብልት ካንሰር ይዟት በቀዶ ሕክምና የወጣላት፣ ጨረርም የወሰደች፣ ዕጢው እዚያው ቦታ የተመለሰባት ሴት። ቁስሉ ይደማል፣ ይሸታል። ከአጋሮም ትምጣ ከዴዶ፣ ጎረቤት ቡና ሲጠራት «አሞኛል» ብላ ትቀራለች፤ ዕጣኑም እንደማይሸፍነው ታውቃለች። ካርዷ ላይ ደግሞ «ከዚህ በላይ የሚደረግ የለም» ተብሎ ይጻፋል። ልሟገት የመጣሁት ከዚህ ዓረፍተ ነገር ጋር ነው።

ኤሌክትሮኬሞቴራፒ የካንሰር መድኃኒትንና የኤሌክትሪክ ምትን አጣምሮ የሚሰጥ ሕክምና ነው። ብሊዮማይሲን የተባለው የካንሰር መድኃኒት የሴልን ሽፋን በራሱ እምብዛም አያልፍም፤ ከገባ ግን ዲኤንኤን ይቆራርጣል። ማሽኑ የሚሰጣቸው አጫጭር የኤሌክትሪክ ምቶች ሽፋኑን ለጊዜው ይከፍቱታል፣ መድኃኒቱ ይገባል፣ ሽፋኑም መልሶ ይዘጋል። ምቶቹ 8 ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 100 ማይክሮ ሰከንድ ይቆያሉ፤ በመርፌ ኤሌክትሮድ፣ ማለትም ዕጢው ውስጥ በሚወጉ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ መርፌዎች፣ ሲሰጡ ጉልበታቸው በሴንቲ ሜትር 1,000 ቮልት ገደማ ነው። የዕጢውን ደም ስሮችም ስለሚያኮማትሩ መድማቱ ቶሎ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ1991 ከፈረንሳይ የመጀመሪያው የሰው ሙከራ ውጤት ታተመ፤ በ2006 አውሮፓውያን ወጥ የአሠራር መመሪያ አወጡለት። እንግዲህ አዲስ ነገር ነው ብለን የምንፈራው አይደለም።

አሁን ወደ ኦፕሬሽን ክፍሉ እንግባ፤ ሥራው የሚበላሸው እዚያ ነው። የብሊዮማይሲን መጠን በካሬ ሜትር የሰውነት ስፋት 15,000 ኢንተርናሽናል ዩኒት ነው። 1.6 ካሬ ሜትር ላላት ሴት 24,000 ይሆናል። አንዱ ብልቃጥ «15,000» ይላል፣ ሌላው «15 ዩኒት» ይላል፤ ሁለቱም አንድ መጠን ናቸው። መለያውን ሳያነብ የሚቀምም ሰው በሺህ እጥፍ ሊሳሳት ይችላል። በደም ስር በግማሽ ወይም በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይሰጣል፤ ከዚያ ሰዓት ይያዛል። ከ8ኛው ደቂቃ በፊት መድኃኒቱ ዕጢው ውስጥ በቅጡ አልተሰራጨም፤ ከ28ኛው በኋላ መጠኑ እየወረደ ነው። ስለዚህ ሰመመኑ፣ አቀማመጡ፣ ካቴተሩ፣ ጸረ ጀርሙ፣ ጨርቁ ሁሉ ከመድኃኒቱ በፊት ይጠናቀቅ። መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ መብራት ማስተካከል የሚጀምር ቡድን ደቂቃዎቹን አባከናቸው ማለት ነው። መርፌዎቹ ዕጢውን ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያለውን ጤነኛ የሚመስል ጠርዝም ይሸፍኑ፤ ቦታ እየቀየሩ ሲወጉ እርከኖቹ ይደራረቡ። ሳይነካ የቀረ ቦታ ካለ ካንሰሩ የሚመለሰው ከዚያ ነው።

ሰመመን ሰጪዎቻችን፣ ብሊዮማይሲን የወሰደች ሴት ላይ ኦክስጅን ያለልክ አትልቀቁ፤ ሳንባ ይጎዳል። የሳንባ ጠባሳ ያለባትን ወይም በሕይወቷ ያገኘችው ድምር መጠን 400,000 ኢንተርናሽናል ዩኒት የደረሰባትን አታስገቡ። ኩላሊቷም ይታይ፤ መድኃኒቱ የሚወጣው በዚያ ነው።

እስቲ አሁን የሚያናድደኝን ልናገር። በአገራችን ማሽን ሲመጣ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ በሞዴል 19፣ በንብረት መቀበያ ደረሰኙ፣ ገቢ ይሆናል። ቋሚ ዕቃ ነዋ! አላቂ ዕቃውንስ ማን ይጠይቃል? ኤሌክትሮዱ ለአንድ ታካሚ አንድ ጊዜ ነው፤ አልቆ ሲታዘዝ ዓመት ያልፋል፣ ማሽኑም ጨርቅ ለብሶ ይቀመጣል። ብሊዮማይሲን መደርደሪያው ላይ በሌለበት፣ ፍሪጁ መብራት ሲጠፋ በሚሞቅበት ቤት የኤሌክትሪክ ምት ብቻውን ምን ይፈይዳል? የብልቃጡን ዓመታዊ በጀት፣ የኤሌክትሮዱን ብዛትና የጥገና ውሉን በአንድ ወረቀት ያላመጣ የግዥ ጥያቄ እንዳይፈረም! ከባዮፕሲ (ከዕጢው የተወሰደ ናሙና ምርመራ) ውጤት በፊትም ማንም ማሽኑን አይንካ።

የማህፀን በር ካንሰርን በተመለከተ አጭር ልሁን፦ ኤሌክትሮኬሞቴራፒ የቀዶ ሕክምናን፣ የጨረርንና የኬሞን ቦታ አይወስድም። በተለይ የሚያገለግለው ለሚታይና መርፌ ለሚደርስበት ዕጢ ነው፤ ማለትም ለውጫዊ ብልት፣ ለብልት መግቢያ፣ ወደ ቆዳ ለተዛመተ። ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነና ቀድሞ ጨረር ያገኘ ቦታ ምላሹ ይቀንሳል፤ ያም ሆኖ መድማትና ሽታ መቀነስ ትንሽ ነገር አይደለም። ቤተሰቡ ግን ይነገረው፦ ቦታው ይጠቁራል፣ ቅርፊት ይይዛል፣ ቅርፊቱ እስኪወድቅ ሳምንታት ይፈጃል። ያልተነገረው ቤተሰብ «አቃጠሏት» ብሎ ይዟት ይሄዳል፤ አይፈረድበትም።

ማሽኑ እስኪመጣ ድረስስ? ጸረ ባክቴሪያ የሆነው የሜትሮኒዳዞል እንክብል ተፈጭቶ ቁስሉ ላይ ሲነሰነስ ሽታውን ይቀንሳል። ሞርፊን በሰዓቱ ይሰጥ፤ ሆድ ማለስለሻውም አብሮት ይታዘዝ። ይህን ለማድረግ የግዥ ኮሚቴ አያስፈልግም፤ ከነገ ጠዋት ራውንድ ጀምሮ ካርዷ ላይ ይጻፍ።

አመሰግናለሁ።