ማንኪያዋ ሰመጠች፣ መርከቧ ተንሳፈፈች

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ልጄ ስለጠየቀችኝ ጥያቄ ነው።

እሁድ ዕለት ወጥ ቤት ውስጥ ማንኪያ ባልዲ ውስጥ ጣለች። ማንኪያዋ ቁልቁል ሄደች። «አባዬ፣ ውሃው ይቺን ካልቻለ ያን ሁሉ መርከብ እንዴት ቻለው?» አለችኝ።

የብረት ጎድጓዳ ሳህን አነሳሁና ውሃው ላይ አስቀመጥኩት። ተንሳፈፈ። ማንኪያዋን አውጥቼ ሳህኑ ውስጥ ጨመርኳት። ትንሽ ዝቅ አለና ቆመ።

ነገሩ ሁሉ እዚያ «ዝቅ አለና ቆመ» ላይ ነው። ሳህኑ ዝቅ ሲል ውሃ ገፍቶ ቦታ ያስለቅቃል። የለቀቀው ውሃ ክብደት ከሳህኑና ከጭነቱ ክብደት ጋር እኩል ሲሆን መውረዱን ያቆማል። ማንኪያዋ ግን ሙሉ በሙሉ ብትጠልቅም የምታስለቅቀው ውሃ ጠብታ ያህል ነው። ብረት ከውሃ 8 እጥፍ ገደማ ይከብዳል። መርከብ ግን ግድግዳዋ ብረት ይሁን እንጂ ሆዷ አየር ነው። 50,000 ቶን የምትመዝን መርከብ 50,000 ቶን ውሃ ታስለቅቃለች።

ደግሞ ውሃ ወደ ታች በተሄደ ቁጥር ግፊቱ ይጨምራል። 10 ሜትር ጠልቆ የተቀመጠ የመርከብ ወለል እያንዳንዱ ካሬ ሜትሩ ከ10 ቶን በላይ በሆነ ኃይል ወደ ላይ ይደገፋል። ጭነት የሞላ ኤፍኤስአር መኪና በአንዲት ጠባብ ጠረጴዛ ላይ እንደማቆም ነው። እኔ ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል።

የጣናዋ የደንገል ታንኳ ሌላ ናት። ደንገሉ ራሱ ከውሃ ይቀላል፤ ውሃ በመሃሉ ቢገባ እንኳ አትሰምጥም። ውሃ ጠጥታ ስትከብድ ወደ ዳር አውጥተው ፀሐይ ላይ ያደርቋታል። የብረት መርከብ ግን ሆዷ ውሃ ከገባበት አለቀላት።

ልጅ ሆኜ የከባድ መኪና ሾፌር የነበረው አጎቴ ጅቡቲ ወስዶኝ ነበር። ወደቡ ላይ አንዲት መርከብ ዕቃ ታራግፋለች። ጠዋት ከውሃው በላይ ቀጭን ቀይ ቀለም ይታይ ነበር። ማታ ቀዩ ሰፍቶ ሰፍቶ ከሰው ቁመት በልጧል። ጭነቱ ሲቀልላት ቀስ እያለች ተነስታለች ማለት ነው። ያኔ አልገባኝም፤ ዝም ብዬ ነው ያየሁት።

በመርከቦች ጎን መሃሉ የተሰመረ ክብ ምልክት አለ። ከዚያ በላይ አትጫኑ ማለት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ አገር ስግብግብ ባለንብረቶች መርከብ ከልክ በላይ እየጫኑ መርከበኞችን ባሕር ያስበሉ ነበር። ሳሙኤል ፕሊምሶል የሚባል የፓርላማ አባል ስለ እነዚያ ሰዎች ዓመታት ተሟገተ። በ1876 እ.ኤ.አ. ምልክቱ በሕግ ግዴታ ሆነ። ከጎኑ ያሉት አጫጭር መስመሮች ለክረምት፣ ለበጋ፣ ለጨው አልባ ውሃ ናቸው። የባሕር ውሃ በጨው ስለሚከብድ፣ ያው መርከብ ወንዝ ስትገባ ይበልጥ ትጠልቃለች።

ይሄን ለልጄ ነገርኳት። ሳህኑ ውስጥ ባቄላ በአንድ በአንድ መጨመር ጀመረች። ከአፉ አንድ ጣት ሲቀረው እጇን ሰበሰበችና እስክሪብቶ አምጣልኝ አለችኝ።