ዘጠኝ ኩንታል ተኩል

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ከኋላ የምትሰሙት ጫጫታ ዝናብ ነው። ደብረ ማርቆስ ክረምቱ ገብቷል፣ እኔ ደግሞ የምቀዳው ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ተቀምጬ ነው። እስኪያባራ ልጠብቅ ብዬ ነበር። የማርቆስን ሐምሌ የሚያውቅ ሰው ግን እንደዚያ ብሎ አይጠብቅም። እንግዲህ አብረን እንሰማዋለን።

ዛሬ ስለ መኪናዬ ነው የማወራችሁ። ስለ ክብደቷ።

ከአጎቴ የወረስኳት ፊያት 124 ስፖርት ኩፔ ናት። ባለ ሁለት በር። ለብዙ ዓመት ጭድ ቤት ውስጥ ቆማ ዶሮ ሲያድርባት ነበር። ሲያይዋት ትንሽ ናት፣ ግን በጊዜዋ ቀላል መኪና አልነበረችም። ሞተሯን የሠራው ኦሬሊዮ ላምፕሬዲ ነው፤ በፊት ፌራሪ ቤት የነበረ መሐንዲስ። 1438 ሲሲ፣ ሁለት ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍቱ ዘንጎች)፣ ወደ 90 የፈረስ ጉልበት። አራቱም እግሯ ላይ ዲስክ ፍሬን አላት። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ይህ ለተራ ሰው መኪና ብርቅ ነበር።

ታዲያ ጠግኜ ሳስነሳት አልሮጥ አለች። ትሄዳለች፣ ግን እንደ ስሟ አይደለም። ዳገት ላይ ባጃጅ ከጎኔ ሆኖ ሰላም ብሎኝ አለፈ። እውነቴን ነው።

ሜካኒኬ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው። ሄጄ «ጋሼ፣ ካርቡራተሩን በትልቅ እንቀይረው፣ ጉልበት ይጨምርልኝ» አልኳቸው። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ አዩኝ። «ሞተሩ ምን አጠፋ? አየሩ ነው እንጂ» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ይህቺ መኪና የተሠራችው ጣልያን አገር፣ ቱሪን ነው፤ ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ ያላለ ከተማ። ማርቆስ ግን 2400 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ሞተር ደግሞ ቤንዚን ብቻ አይደለም የሚበላው፣ አየርም ይበላል። ቱርቦ፣ ማለትም አየር ገፍቶ የሚያስገባ መሣሪያ፣ የሌለው ሞተር በየሺህ ሜትሩ አሥር በመቶ ገደማ ጉልበቱን ያጣል። እና ከ90ዎቹ ፈረሶቼ ሃያ የሚሆኑት ማርቆስ ሳይደርሱ መንገድ ላይ ቀርተዋል ማለት ነው። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር በትልቅ ቢቀየር ደግሞ ቤንዚኑ ለአየሩ ይበዛና ጥቁር ጭስ ብቻ ነው የማተርፈው። ጋሼ እንዲያውም ጂግለሩን፣ ያቺን ቤንዚን የምታሳልፈውን ቀዳዳ፣ በጠባብ ቀየሩልኝ። ትንሽ ተነፈሰች።

ከዚያ አንድ ነገር አሉኝ። «ጉልበቱን አየር ወስዶታል፣ አትመልሰውም። ክብደቱን ግን አየር አልወሰደልህም።»

ማታ ተኝቼ ሳሰላው አደርኩ። ፋብሪካው የሠራት ወደ 955 ኪሎ አድርጎ ነው። ለ90 ፈረስ ሲካፈል አንድ ፈረስ አሥር ኪሎ ተኩል ገደማ ይጎትታል። ማርቆስ ላይ ግን ፈረሶቹ ሰባ አይሞሉም፣ ጭነቱ ግን ያው ነው። ቱሪን ላይ እንደምትሮጠው እንድትሮጥ ከፈለግሁ ወደ ሰባት ኩንታል ከሠላሳ ኪሎ ላወርዳት ይገባል። ሞተሩን ካላወረድኩ በቀር ይህ አይሆንም። ግን ነገሩ ገባኝ። እዚህ አገር አንድ ኪሎ ማውረድ ቱሪን ላይ ከማውረድ የበለጠ ዋጋ አለው።

ጥር 23 እንጅባራ ሄዳችሁ የአገው ፈረሰኞችን ያያችሁ ታውቃላችሁ። ፈረሱ ባለ ጌጥ ነው፣ ኮርቻው ያምራል። ሽምጥ ሊጋልብ የወጣ ፈረስ ላይ ግን ስልቻ የሚጭን ሰው የለም። እኔ ጭኜ ነበር። ምን እንደጫንኩ ግን አላውቅም ነበር።

ለማወቅ ሚዛን ያስፈልጋል። ጎረቤቴ እህል ነጋዴ ነው፣ ጤፍ የሚመዝንበት ትልቅ ሚዛን አለው። ከመኪናዋ የፈታሁትን ሁሉ እየተሸከምኩ እሱ ዘንድ መመላለስ ጀመርኩ። መጀመሪያ ሳቀብኝ። በኋላ ደብተሩ ላይ፣ በጤፉ ሒሳብ መሀል፣ የኔንም ይጽፍ ጀመር።

የጣሪያው ፖርቶመጋላ፣ 11 ኪሎ። አጎቴ በግ ሲጭንበት አስታውሳለሁ። ከኋላ የተበየደው የመጎተቻ ብረት፣ 13 ኪሎ። ሻንጣው ውስጥ አንዱ ዘመድ ያስገጠመው ስፒከር ከነጣውላ ሳጥኑ፣ 18 ኪሎ። የጭነት መኪና ባትሪ ገብቶላት ነበር፣ በልኳ ስቀይረው 9 ኪሎ አተረፍኩ። ወለሉ ላይ ሞኬት በሞኬት ተደራርቦ ተነጥፏል። የታችኛው ውኃ ጠጥቶ በስብሷል፣ ሳነሳው እንደ እርጥብ አጎዛ ከበደኝ። 12 ኪሎ።

ከሁሉ የገረመኝ ስቱኮው ነው። በሩን ማግኔት አስጠግቼ አየሁት፣ አልያዝ አለ። ትንሽ ዝቅ አደረግኩት፣ አሁንም አይዝም። ጋሼ በመሮ ሲመቱት እንደ ደረቀ ጭቃ በቁራጭ በቁራጭ ወደቀ። አንዳንዱ ቦታ እንደ አውራ ጣቴ ወፍራም ነው። ቀለሙ በመስመር በመስመር ይታያል፦ ቀይ፣ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ እንደገና ቀይ። በተጋጨች ቁጥር ላሜራውን ከማቅናት ይልቅ ስቱኮ ሞልተው ቀብተዋታል። በማዳበሪያ ከረጢት ሰብስቤ ሚዛን ላይ ጣልኩት። 7 ኪሎ። ጎረቤቴ «ይሄ ደግሞ ምን እህል ነው?» አለ።

ደምሩት፣ 70 ኪሎ። ልብ በሉ፣ ከነዚህ ውስጥ አንዱንም ፋብሪካው አልሠራውም። እስካሁን መኪናዋን አላቀለልኳትም፣ ሌሎች የጫኑባትን ብቻ ነው ያወረድኩላት። ኢንተርኔት ላይ ካርቦን ፋይበር ኮፈኖ ዋጋው ስንት ነው እያልኩ ስፈልግ ነበር! የሚፈለገው መሮ ነበር።

በዓለም ላይ በዚህ ሥራ የታወቁ መኪኖች አሉ። አልፋ ሮሜዮ በፈረንጆቹ 1965 ጂቲኤ የምትባል አወጣ፣ መጨረሻ ላይ ያለችው «ኤ» በጣልያንኛ አሌጀሪታ፣ የቀለለች ማለት ናት። የውጭ ላሜራዋን በአሉሚኒየም ነው የሠሩላት። ፖርሽም የ1973ቱን ካሬራ አርኤስ ሲሠራ ላሜራውን አሳሳ፣ መስታወቱን አሳሳ፣ የኋላ ወንበሩን አወጣ፣ የበሩን መሳቢያ በጠፍር ቀየረው። ሎተስ የተባለው የእንግሊዝ መኪና ፋብሪካ መሥራች ኮሊን ቻፕማን ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ የሰበከው ይህንኑ ነው። ጉልበት ብትጨምር ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ትፈጥናለህ፣ ክብደት ብትቀንስ ግን ኩርባውም፣ ፍሬኑም፣ ዳገቱም አብሮ ይሻላል።

እዚህ ላይ እኔ ጠገብኩ። ጥጋብ ነው ሌላ ስም የለውም። 70 ላይ ማቆም ሲገባኝ መቶ ልሙላ አልኩ። ኩንታል ልሙላ! የኋላውን ወንበር አወጣሁ፣ 15 ኪሎ። ከዚያ ስኮርታውን ከነክሪኩ፣ 16 ኪሎ። መቶ አንድ። ጎረቤቴ ደብተሩ ላይ «አንድ ኩንታል ከአንድ» ብሎ አሰመረበት። ጋሼ ግን ሆዴን አይተው «አንተስ መቼ ነው የምትመዘነው?» አሉ። 84 ኪሎ ነኝ። ወሬ ቀየርኩ።

ስኮርታ ማውረድ ለምን ሞኝነት እንደሆነ ከመናገሬ በፊት፣ የትኛው ኪሎ ቢቀንስ እንደሚሻል ልንገራችሁ። ኪሎ ሁሉ እኩል አይደለም። ከጣሪያ የወረደ ከወለል ከወረደ ይሻላል፣ ኩርባ ላይ መኪናዋን የሚያጋድላት የላዩ ነውና። ከቸርኬ የወረደ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። ቸርኬና ጎማ ከሞላው በታች ናቸው፣ ጉድጓድ በመታች ቁጥር አሞርዛተሩ ይዞ የሚታገለው እነሱን ነው። ላይ ታች ብቻም አይደለም፣ ይሽከረከራሉ። መኪናዋን ከማስኬድ ሌላ እነሱን ለማሽከርከርም ጉልበት ይሄዳል። ስኮርታ ግን ሻንጣ ውስጥ ዝም ብሎ የተኛ ነው። እኔ ግን ቀላሉን ሥራ መረጥኩ፣ ስኮርታ ለማውረድ ቁልፍ እንኳ አያስፈልግም።

ሌላም ያላሰብኩት ነበር። ያወረድኩት አብዛኛው ከኋላ ነው። መኪናዋ ደግሞ የምትገፋው በኋላ እግሯ ነው። ኋላዋ ከፍ አለ፣ ሞላው የሚጫነው ሲያጣ ደረቀ። እርጥብ ኮብልስቶን ላይ ቤንዚን ስረግጥ ጎማው ባዶውን ይዞራል። በደረቅ መንገድ ግን ልንገራችሁ፣ ሌላ መኪና ሆነች። መሪው ቀለለ። ፍሬን ስይዝ ትቆማለች።

እና አባይን ካላየኋት አልኩ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው፣ በበጋ። በጠዋት ተነስቼ ደጀን ላይ ቁርስ በላሁ፣ ከዚያ ቁልቁል። ከሺህ ሜትር በላይ ነው የምትወርዱት። ወደ ታች የምትወስዱትን እያንዳንዱን ኪሎ ሞተሩና ፍሬኑ ናቸው የሚይዙት፣ ሁሉም ወደ ሙቀት ይለወጣል። በፊት ግማሽ መንገድ ላይ ፍሬኑ ይሸት ነበር። ያን ቀን አልሸተተም። በሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሬኑን አልፎ አልፎ እየነካሁ፣ ጃፓኖች የሠሩልን ድልድይ ደረስኩ።

ታች ላይ አንድ ነገር ሆነ። አየሩ ወፈረ። ሙቀቱ ፊት ይለበልባል፣ ሞተሩ ግን ነፍስ ዘራ። የጠፉት ፈረሶች ግማሾቹ ድልድዩ ሥር ሲጠብቁኝ የከረሙ መሰለኝ። በሦስተኛ ማርሽ እየዘፈነች ተነሳች። መስኮት ከፍቼ ብቻዬን ጮህኩ።

ዞሬ ወደ ደጀን ስወጣ፣ አጋማሹ ላይ፣ ጧ! የኋላ ግራ ጎማ።

ወረድኩ፣ ሻንጣውን ከፈትኩ። ንጹሕ ነው። ባዶ። ቆሜ አየሁት። ዝንጀሮዎች ከላይ ሆነው እኔን ያያሉ። አንድ አይሱዙ ቆመልኝ። ሾፌሩ ወርዶ ጎማውን አየ፣ ሻንጣውን አየ፣ እኔን አየ።

«ስኮርታህስ?»

«ቤት ነው።»

«ምን ያደርጋል ቤት?»

ምን ልበለው? ክብደት ልቀንስ ብዬ ነው ልበል? ኩንታል ልሙላ ብዬ? «ረሳሁት» አልኩ። ክሪኩን አዋሰኝ፣ ጎማውን ፈታን፣ ከሥሯ ድንጋይ ደርድረን ተውናት። ጎማዬን ታቅፌ ከጤፍ ጭነቱ ላይ ተቀምጬ ደጀን ጎሚስታ ቤት ሄድኩ። ጭነቱ ስንት ነው ብዬ ጠየቅኩት። «ሃምሳ ኩንታል» አለ። ከዚያ በላይ አልጠየቅኩም።

ስኮርታው ተመልሷል። ክሪኩም። አሁን የምቀንስባት 85 ኪሎ ነው፣ ጎረቤቴም ደብተሩን አስተካክሏል። ቀጥሎ የማስበው ቀላል ቸርኬ ነው፣ ብር ሲገኝ።

የኋላውን ወንበር ግን አልመለስኩትም። በረንዳ ላይ ነው ያለው። ለኋላው ክብደት ብዬ ልገጥመው ነበር፣ ጋሼም ግጠመው ብለውኛል። ቁልፍ ይዤ ስወጣ ግን እናቴ ቡና እያፈላች ነው፣ ሦስት ጎረቤቶች ተደርድረውበታል፣ አንዷ ስኒ ይዛ ክንዷን አስደግፋለች። «ቆይ፣ ሁለተኛው ይጠጣ» አለችኝ። ይኸው ሁለት ዓመት ሆነው።