ሄርማነስ፦ የዓሣ ነባሪዎች አራስ ቤት

[ምስል፦ ጠዋት፣ ቋጥኝ የበዛበት የባሕር ዳርቻ፣ ጸጥ ያለ ውሃ]

እስቲ ይህን ባሕር እዩት። ምንም የለም አይደል? እኔም እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። አርባ ደቂቃ ያህል ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ያየሁት ውሃ ብቻ ነው። ከዚያ ድንገት፣ ከመንገድ ማዶ ያለ ሱቅ በሚያህል ርቀት፣ ባሕሩ "ፉፍ!" አለ።

[ድምፅ፦ የዓሣ ነባሪ ትንፋሽ]

ትንፋሽ ነው። ብዙዎቻችን ይህን እንስሳ ያወቅነው በዮናስ ታሪክ ነው፤ የነነዌ ጾም ሲደርስ ከአያቶቻችን አፍ። ስሙም "ዓሣ" ስለሚል፣ በልጅነቴ ግዙፍ ዓሣ ነበር የሚመስለኝ። ግን ዓሣ አይደለም። እንደ እኛ በሳንባ ይተነፍሳል፣ ይወልዳል፣ ያጠባል። አየር ለመሳብ የግድ ብቅ ማለት አለበት። እኛም የምናየው ለዚህ ነው።

ያለሁት ሄርማነስ ነው፤ ደቡብ አፍሪካ፣ ከኬፕታውን 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ያለች ትንሽ ከተማ። እዚህ ዓሣ ነባሪ ለማየት ጀልባ መሳፈር ግድ አይደለም። በገደሉ ጫፍ ወደ 12 ኪሎ ሜትር የሚሄድ የእግር መንገድ አለ። ደስ ያላችሁ ቦታ ቁጭ ማለት ነው። ከተማዋ ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የራሷ አዋጅ ነጋሪ አላት። ዓሣ ነባሪ ሲታይ ከባሕር አረም በተሠራ መለከት ይነፋል፣ ሰዉም ወደ ዳርቻው ይወጣል።

[ምስል፦ ጥቁር ጀርባ፣ ነጫጭ ሻካራ ምልክት ያለበት ራስ]

ወደዚህ በብዛት የሚመጣው ዝርያ ሳውዘርን ራይት ዌል ይባላል። ጀርባው ለስላሳ ነው፣ የጀርባ ክንፍ የለውም። ትንፋሹ ለሁለት ተከፍሎ ይወጣል። ራሱ ላይ ያሉት ሻካራ ምልክቶች እንደ ጣት አሻራ ናቸው፤ የአንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። ተመራማሪዎች አንዷን እናት ከዓመታት በኋላ ተመልሳ ስትመጣ የሚለይዋት በዚህ ነው።

ለምን ይመጣሉ? ለመውለድ። ከአንታርክቲካ አቅጣጫ፣ ከቀዝቃዛው ባሕር ተነሥተው፣ ከሰኔ እስከ ኅዳር እነዚህ የተረጋጉ የባሕር ወሽመጦች ውስጥ ይቆያሉ። እኛ አገር አደይ አበባ በሚፈነዳበት መስከረም፣ እዚህ እናቶችና ጨቅሎች በብዛት ይታያሉ።

ይህ እንግዲህ አራስ ቤት ነው። ጨቅላው ሲወለድ አምስት ስድስት ሜትር ይረዝማል፣ ክብደቱም አንድ ቶን ገደማ ነው። በእኛ ባህል አራስ ገንፎ ይገነፋላታል፣ ጠያቂ ይመጣላታል። ይህች እናት ግን እዚህ ባለችባቸው ወራት የምትበላው የለም ማለት ይቻላል። የምታጠባው ቀድሞ በሰውነቷ ካከማቸችው ስብ ነው። ይህን ከሰማሁ በኋላ ዓይኔ ከእሷ ላይ አልነቀል አለኝ።

ለዚህም ነው ሕጉ ጥብቅ የሆነው። ፈቃድ የሌለው ጀልባ ከ300 ሜትር በላይ መቅረብ አይችልም። ፈቃድ ያለውም ቢሆን ጨቅላ ወደያዘች እናት መጠጋት ክልክል ነው። አራስ የሚጠይቅ ሰው በር በርግዶ አይገባም።

ቀድሞ እንዲህ ያለ ሕግ አልነበረም። ይህ ዓሣ ነባሪ ቀርፋፋ ነው፣ ዘይቱ ብዙ ነው፣ ሲሞት አይሰጥምም። አዳኞች ሊያጠፉት ምንም አልቀራቸውም ነበር። ዓለም አቀፍ ጥበቃ ያገኘው በ1935 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ እያገገመ መጣ። አሁን ግን ሌላ ሐሳብ አለ። ድሮ አንዲት እናት በየሦስት ዓመቱ ትወልድ ነበር፤ አሁን አራትና አምስት ዓመት መዘግየት የተለመደ ሆኗል። ተመራማሪዎች ይህን የሚያያይዙት በደቡቡ ባሕር ካለው የምግብ ሁኔታ ጋር ነው። እናት ካልጠገበች አትወልድም።

ልትሄዱ ካሰባችሁ፣ ነፋስ የሌለበትን ጠዋት ምረጡ። ማዕበል ሲበዛ ጀርባቸው አይለይም። አቅርቦ የሚያሳይ መነጽርና ወፍራም ሹራብ ያዙ። ስልካችሁን ኪስ ውስጥ ክተቱ፤ እኔ የመጀመሪያውን ዝላይ ያመለጠኝ ካሜራ ሳስተካክል ነው።

[ምስል፦ እናትና ልጅ፣ ጎን ለጎን]

እነዚህን ሁለቱን እዩአቸው። ከሰዓት ነፋሱ ሲነሣ ነው የቀረጽኳቸው። ልጁ እናቱ ጀርባ ላይ ወጥቶ ሸርተት ይላል፣ ተመልሶ ይወጣል። እሷ ዝም ብላዋለች። ማዕበሉ ሲበረታ ቀስ ብላ ዞረች። እሷ ከማዕበሉ በኩል፣ ልጇ ከእኛ በኩል ሆኑ።