ዓይን ውስጥ የምንጨምረው ቀለም

እንደምን ዋላችሁ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ! ከደብረ ማርቆስም፣ ከሞጣም፣ ከፍኖተ ሰላምም እስከ ባሕር ዳር የመጣችሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ የማወራው ቀለሙን በጥብጣችሁ ለምታቀብሉት ነርሶች ነው። ሐኪሞቹም ስሙኝ።

ማኩላቸው (በዓይን ጀርባ ብርሃን የሚቀበለው የሬቲና መሃል) የተበሳባቸው እናት ልጃቸውን ፊት ለፊት አቁመው ሲያዩት ጆሮውና ትከሻው ይታያቸዋል፤ ፊቱ ግን የለም። ያ ቀዳዳ እንዲዘጋ ከሬቲናው ላይ አንድ ስስ ሽፋን እንልጣለን። ሽፋኑ እንደ መስታወት የጠራ ስለሆነ በማይክሮስኮፕም አይን ያታልላል። ቀለም ሲነካው ግን ጫፉ ይለያል፣ በመቆንጠጫ ቀስ ተብሎ ይነሳል። ይህን ሥራ ቀለሙ ነው ያቀለለልን፣ አልክድም።

ግን እ.ኤ.አ. ከ2000 ገደማ ጀምሮ ለዚህ የተለመደው አረንጓዴ ቀለም፣ ኢንዶሲያኒን ግሪን፣ መጀመሪያ የተሠራው በደም ሥር ተሰጥቶ ልብና ጉበት እንዲመረመርበት እንጂ ዓይን ውስጥ እንዲገባ አልነበረም። በቀዳዳው ሾልኮ ከሬቲና ሥር ያሉትን ሴሎች ካገኘ ሊጎዳቸው ይችላል። ቀዳዳው በደንብ ተዘግቶ እይታቸው ያልተመለሰ ሰዎች አሉ፤ ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ። ስለዚህ ብሪሊያንት ብሉ የተባለው ሰማያዊ ቀለም ካለ እሱ ይቅደም። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2019 ለዚሁ ሥራ ፈቅዶታል፤ መጠኑም በሚሊሊትር 0.25 ሚሊግራም ነው።

አረንጓዴው ብቻ ካለስ? ይቅጠን። በመርፌ ውሃ ብቻ የተበጠበጠ ከሆነ ሴሎቹ ውሃ ስበው ያብጣሉ፤ ስለዚህ ማቅጠኛው 5 በመቶ ግሉኮስ ቢሆን ይሻላል። ሐኪሙም ቀዳዳው ላይ በኃይል አይርጨው፣ ጠብ አድርጎ በሰከንዶች ውስጥ መልሶ ይምጠጠው። መብራቱንም ያርቀው፤ ቀለምና ብርሃን ሲገናኙ ጉዳቱ ይብሳልና።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። በሲሪንጅ ውስጥ ሰማያዊ ሁሉ አንድ ይመስላል። በሞራ ቀዶ ሕክምና ላይ ትራይፓን ብሉ መሆን ሲገባው በስህተት ሜቲሊን ብሉ ገብቶ ኮርኒያቸው (የዓይን የፊት ጥርት ያለ ሽፋን) የተበላሸባቸው ሰዎች በውጭ አገር ተመዝግበዋል። የእኛ ሰው «ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ብሎ የሚምልበትን ነገር አምኖ ነው አልጋችን ላይ የሚተኛው። ስለዚህ እህቴ፣ ወንድሜ፣ ሲሪንጁ ላይ የቀለሙን ስምና መጠን ጻፉበት፤ ስታቀብሉም ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። ሐኪሙ ቸኩሎ ቢቆጣም ይቆጣ። ያልተጻፈበትን ግን አታቀብሉት።