ሬይኳዛን ለመጣል ከጀማሪው መነሳት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ፖኪሞን ጎ ስለሚባለው የስልክ ጌም ሬይድ ነው፣ ማለትም ተጫዋቾች ተባብረው አንድ ኃይለኛ ፖኪሞን (የጌሙን ፍጡር) ለመጣል ስለሚገቡበት ውጊያ፤ በተለይ ሬይኳዛ ስለሚባለው ፖኪሞን።

ሬይኳዛ ባለ 5 ኮከብ ቦስ (በጋራ የምንዋጋው ባላጋራ) ሆኖ ሲመጣ 15,000 የሕይወት ነጥብ ይዞ ነው። የሚሰጠን ጊዜ ደግሞ 300 ሰከንድ። አካፍሉት፤ በየሰከንዱ 50 ነጥብ መቀነስ አለብን ማለት ነው። ሦስት ሆነን ከገባን ለእያንዳንዳችን 17 አይሞላም። ከሦስታችን አንዱ 5 ብቻ ከቻለ ግን ቀሪው ሸክም እኛ ሁለታችን ላይ ያርፋል። ለዚህ ነው ከሬይድ በፊት መጀመሪያ የማየው የጀማሪውን ስልክ የሆነው። የጠንካራው ተጫዋች ቡድን፣ ማለትም ይዟቸው የሚገባው ስድስት ፖኪሞኖች፣ ብዙ ጊዜ ተስተካክሎ ያለቀ ነው፤ ብዙ የሚጨመርበት ነገር የለም።

ጀማሪ ቡድን ሲመርጥ ሲፒ፣ ማለትም የፖኪሞኑን አጠቃላይ ጉልበት የሚያሳየውን ቁጥር፣ ያያል። ትልቁን ቁጥር ከላይ ወደ ታች ስድስት አድርጎ ይደረድራል። ሬይኳዛ ግን በዓይነቱ ድራጎንም ነው፣ በራሪም ነው፤ ሁለቱም በረዶን አይችሉም። ስለዚህ የበረዶ ምት 2.56 እጥፍ ያርፍበታል። ሲፒው ዝቅ ያለ ማሞስዋይን የሚባል የበረዶ ፖኪሞን፣ ፓውደር ስኖውና አቫላንች የሚባሉትን ምቶች ከያዘ፣ ብዙ ሌጀንደሪ (ብርቅ የሆነ ኃይለኛ ፖኪሞን) የማይሠራውን ይሠራል።

ማሞስዋይንን የምወደው ሌጀንደሪ ስላልሆነ ጭምር ነው። ስዊነብን፣ ያቺን ትንሽ አሳማ መሳይ፣ እየዞራችሁ ትይዛላችሁ፤ ለማሳደጊያ የሚያገለግለውን ካንዲ ታጠራቅማላችሁ፤ በመጨረሻ በሲኖ ድንጋይ፣ በጌሙ ውስጥ በሚገኝ ማሳደጊያ፣ ማሞስዋይን እንድትሆን ታሳድጓታላችሁ። የሌጀንደሪ ካንዲ በአብዛኛው ከሬይድ ስለሚገኝ ሬይድ ማሸነፍ ያልቻለ ልጅ ከየት ያመጣዋል? ስዊነብን ግን ማንም ይይዛል። እባካችሁ፣ አዲስ ሰው ስታገኙ ፖኪሞን ማጠናከሪያውን ስታርደስት ከመበተኑ በፊት ይህን ንገሩት።

ከጠንካራው ተጫዋች የምፈልገው ሌላ ነገር ነው፤ ሜጋ፣ ማለትም ለጊዜው ከተለመደው በላይ የጠነከረ ፖኪሞን፣ ይዞ እንዲመጣ። ሜጋ አቦማስኖ ሜዳ ላይ እስካለ ድረስ የሌሎቻችን የበረዶ ምት በ30 በመቶ ይጨምራል። የራሱን ጉዳት ብቻ የሚቆጥር ሰው ይህን ይንቀዋል፤ እኔ ግን ከአንድ ጎበዝ የሚጠበቀው ትልቁ አስተዋጽኦ ይህ ይመስለኛል።

የአየር ሁኔታም አለ። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በረዶ ሲጥል ጌሙም በረዶ ይላል፤ ምታችን ይበረታል። ንፋስ ከሆነ ግን የሚበረታው ሬይኳዛ ነው።

ከሁሉም ረጅሙ ዝግጅት በጌሙ ውስጥ ያለው ጓደኝነት ነው። ቤስት ፍሬንድ የሚባለው ከፍተኛ የጓደኝነት ደረጃ ላይ ለመድረስ አብዛኛውን ጊዜ 90 ቀን ይፈጃል። በቀን አንድ ስጦታ መክፈት ወይም አብሮ መዋጋት ነው ሥራው፤ ቀን መዝለል ይቻላል፣ ማፋጠን ግን ቀላል አይደለም። ከዚያ በኋላ አብራችሁ ሬይድ ስትገቡ ምታችሁ 10 በመቶ ይጨምራል። ስለዚህ ከጀማሪው ጋር ስጦታ መላላክ የሚጀመረው ሬይኳዛ ሲመጣ አይደለም፣ በተዋወቃችሁበት ቀን ነው።

አንዳንዱ «ሃያ ሰው ሰብስብ፣ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል?» ይለኛል። እውነት ነው፣ ሃያ ሆነን ከገባን ማንም ምንም ይዞ ቢመጣ ሬይኳዛ ይወድቃል። ግን እዚያ መካከል የጀማሪው መኖር አለመኖሩ አይታወቅም። ሦስት ሆነን ስንገባ የእሱ ማሞስዋይን ከሌለ ሰዓቱ ያልቅብናል፣ ይህን እሱም ያውቃል።

ለዛሬ ይኸው ነው። ስዊነብ ካያችሁ አትለፏት። ደህና ሁኑልኝ።